ማሻሻያው የሚያልቀው ሌሊቱ ሲነጋ አይደለም

አዲስ የኬብል ሞደም ከካርቶኑ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ካለው ኬብል ጋር ሲገጠም ስለ ባለቤቱ የሚያውቀው ነገር የለም። የማን ቤት እንደገባ፣ በወር ስንት እንደሚከፈልበት፣ ምን ያህል ፍጥነት እንደተፈቀደለት አያውቅም። የራሱ የሆነው ፋብሪካ የሰጠው መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ማክ ከሚለው ቀጥሎ የምታዩት አሥራ ሁለት ፊደልና አኃዝ። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም በሚሉባቸው በነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች የቀረውን ሁሉ ሩቅ ካለ ሰርቨር ጠይቆ ይማራል። የእኔ እንጀራ ያለው እዚያ ሰርቨር ላይ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ለኬብል ኩባንያዎች ለሞደሞች ይህን መልስ የሚሰጠውን፣ ፕሮቪዥኒንግ የሚባለውን ሶፍትዌር እተክላለሁ፣ አሮጌውን በአዲስ እተካለሁ፤ ቀን ሰው ኢንተርኔት ስለሚጠቀም ሥራው በአብዛኛው የሌሊት ነው።

ሞደሙ መጀመሪያ በኬብሉ ውስጥ ከሚመጡት ሞገዶች መካከል የኩባንያውን ምልክት ፈልጎ ይይዛል። ሰፈሩን ከሚያገለግለው ትልቅ መሣሪያ ጋርም የምልክቱን ጉልበትና ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ባለሙያዎች ይህን መሣሪያ ሲኤምቲኤስ ይሉታል። ከዚያ አድራሻ የሚሰጠው ሰርቨር እንዳለ ይጣራል። ይህ ጥሪና መልስ ዲኤችሲፒ በሚባለው ደንብ ይመራል፤ ዛሬም የምንሠራበት የደንቡ ሰነድ የወጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ሰርቨሩ የሚሰጠው አድራሻ የዘላለም ሳይሆን የሊዝ ነው፤ ጊዜው ሳያልቅ መታደስ አለበት። ቀጥሎ ሞደሙ ትክክለኛውን ሰዓት ይጠይቃል፣ በመጨረሻም ኮንፊግ የምትባል ትንሽ ፋይል ያወርዳል። የከፈላችሁበት ፍጥነት የተጻፈው በዚች ፋይል ላይ ነው። አንዱ ጎረቤት መቶ ሜጋቢት፣ ሌላው አምስት መቶ ሜጋቢት ከአንድ ዓይነት ሞደም ሊያገኙ የሚችሉትም ፋይላቸው ስለሚለያይ ነው። ደውላችሁ ፍጥነት ስታስጨምሩ ቤታችሁ ማንም አይመጣም፤ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ይለወጣል፣ ሞደሙ ተነሥቶ አዲሱን ፋይል ያወርዳል።

ይህን ቅደም ተከተል የደነገገው ዶክሲስ የተባለው ስታንዳርድ ነው። ኬብልላብስ የተባለው የኬብል ኩባንያዎች የጋራ የምርምር ተቋም የመጀመሪያውን ያወጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የአንዱ ፋብሪካ ሞደም ከሌላው ፋብሪካ መሣሪያ ጋር አይግባባም ነበር። ዛሬ ከሱቅ የገዛችሁትን ሞደም ቤት አምጥታችሁ መግጠም የምትችሉት በዚህ ስታንዳርድ ምክንያት ነው።

መግጠም ግን መመዝገብ አይደለም። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት እናት የወር ኪራዩን ለማስቀረት ሞደም ገዝተው ሰካክተው፣ መብራቱ ሁሉ በርቶ የትኛውንም ገጽ ሲከፍቱ አንድ የኩባንያው ገጽ ብቻ እየመጣ አስቸገራቸውና ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የተበላሸ ነው የሸጡልኝ» አሉ። «እማማ፣ ሞደሙ ደኅና ነው። ቁጥሩ ገና መዝገብ አልገባም፤ ከሥሩ ያለውን ወረቀት ለኩባንያው ያንብቡላቸው» አልኳቸው። አነበቡላቸው፣ ተከፈተ። የማያውቀው መሣሪያ ሲመጣ ሶፍትዌሩ በሩን ጨርሶ አይዘጋበትም፤ የመመዝገቢያውን ገጽ ብቻ እንዲያይ ፈቅዶ ያቆየዋል።

አንድ ኩባንያ መቶ ሺህ ሞደም ካለው ይህ ሁሉ ጥያቄና መልስ በእጅ አይሠራም። ለዚህ ከተሠሩት ሶፍትዌሮች በሙያው ውስጥ በደንብ የሚታወቀው የሲስኮ ብሮድባንድ አክሰስ ሴንተር ነው፤ በኋላ ፕራይም ኬብል ፕሮቪዥኒንግ ተብሏል። አሠራሩ አንድ ማዕከልና ብዙ ቅርንጫፍ ነው። ማዕከሉ ዳታቤዙን ይይዛል፦ የትኛው ሞደም የማን ነው፣ ምን ተፈቅዶለታል። ቅርንጫፎቹ በየአካባቢው ተቀምጠው ለሞደሞቹ መልስ ይሰጣሉ፤ የሚያስፈልጋቸውን መረጃ ቅጂ እነሱ ዘንድ ስለሚያስቀምጡ ማዕከሉ ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ እንኳ የታወቀ ሞደም አገልግሎት አይቋረጥበትም። የሚጉላላው አዲስ ደንበኛ ነው። ይህን አሠራር እወደዋለሁ፤ ማዕከሉን አቁሜ ሳሻሽል ከተማው ተኝቶ የሚያድረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ተከላው ራሱ ረጅም አይደለም። የሚረዝመው ከሱ በፊት ያለው ነው። የሰርቨሮቹ ሰዓት አንድ ላይ መሄድ አለበት፤ ስማቸው ወደ አድራሻ፣ አድራሻቸውም ወደ ስም በትክክል መተርጎም አለበት፤ ዲስኩ ዳታቤዙን ብቻ ሳይሆን የዳታቤዙን ባክአፕም መያዝ አለበት። ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ግን የጋራ ሚስጥሩን ነው። ኮንፊግ ፋይሏን ማንም ነካክቶ ያልከፈለበትን ፍጥነት እንዳይጽፍባት ፕሮቪዥኒንጉና ሲኤምቲኤሱ ብቻ በሚያውቁት ሚስጥር የተሠራ ማኅተም አለባት። አዲሱ ሰርቨር ላይ ሚስጥሩ በአንድ ፊደል ቢሳሳት ሲኤምቲኤሱ ፋይሏን ያወረደውን ሞደም አይቀበልም። ክፉው ነገር ስህተቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ቀድሞ የገባ ሞደም መሥራቱን ይቀጥላል፤ የሚወድቀው ጠፍቶ የሚነሣው ነው። ሌሊት ደግሞ ሞደሙን የሚያጠፋ ሰው የለም። ስለዚህ ስልክ አለመደወሉን እንደ ማረጋገጫ አልቀበለውም፤ ሆን ብዬ ከየዓይነቱ ሞደም አጥፍቼ አስነሣለሁ።

ከየዓይነቱ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የሙከራ ክፍል ሲሠራ ለኩባንያ ኃላፊዎች ደጋግሜ የምነግራቸው ነገር አለ፦ መደርደሪያው ላይ የሚቀመጠው አዲስ የመጣው አንጸባራቂ ሞደም ብቻ ከሆነ ክፍሉ ለምንም አይጠቅምም። ደንበኞች ቤት ያለው ሁሉ እዚያ ሊኖር ይገባል፤ አቧራ የጠጣው፣ ፋብሪካው መሥራቱን ካቆመ ዓመታት ያለፉት፣ የስልክ መስመር ያለውም የሌለውም። አሥር ዓመት ሞደሙን የማይቀይር ቤት ብዙ ነው፤ እንዲህ ያሉት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የአረጋውያን ናቸው፤ ሲቋረጥባቸውም ለመደወል የመጨረሻ ናቸው።

የማሻሻያው ሌሊት ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይሰጠናል። በእጃችን የሚሠራው እያንዳንዱ እርምጃ በቅደም ተከተል የተጻፈበት ሰነድ አለ፤ ከእያንዳንዱ እርምጃ አጠገብም እንዴት እንደሚቀለበስ ተጽፏል። መጀመሪያ ባክአፕ ይወሰዳል። ባክአፕ ተወሰደ የምለው ግን ሌላ ሰርቨር ላይ ተመልሶ ሲሠራ ካየሁ በኋላ ነው፤ ያልተመለሰ ባክአፕን አልቆጥረውም። ቀጥሎ ማዕከሉ፣ ከዚያ ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ ይሻሻላሉ። በሠራሁባቸው ሶፍትዌሮች አዲስ ማዕከል የአሮጌ ቅርንጫፍን ቋንቋ እንዲያውቅ ተደርጎ ይሠራል፤ አሮጌ ማዕከል ግን ገና ያልተጻፈውን ሊያውቅ አይችልም። ብዙ ጊዜ የሚወስደው ዳታቤዙን ወደ አዲሱ ቅርጽ መለወጡ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ሰዓት እንቆርጣለን፦ ለምሳሌ እስከ ሌሊቱ 9 ተኩል ዳታቤዙ ካላለቀ ወደ አሮጌው እንመለሳለን። ውሳኔው ገና ሳይደክመን የተወሰነ ስለሆነ ከሌሊቱ 9 ተኩል ላይ ማንም «ትንሽ እንጠብቅ» አይልም።

በዚህ ሁሉ መካከል ሞደሞቹ ምን ያደርጋሉ? ሊዛቸው ሰባት ቀን ነው እንበል። ሞደም ሊዙን ለማሳደስ የሚጠይቀው ጊዜው ሲጋመስ ነው፤ ማለትም በሦስት ቀን ተኩል። መልስ ካጣ እየደጋገመ ይጠይቃል። ከስምንቱ እጅ ሰባቱ ሲያልቅ፣ ማለትም ከ6 ቀን ከ3 ሰዓት በኋላ፣ የሚያውቀውን ሰርቨር ትቶ ለሰፈሩ ሁሉ ይጣራል። አድራሻውን የሚለቀው ሰባተኛው ቀን ሲሞላ ነው። ሰርቨሩ ለሁለት ሰዓት ቢቆም በዚያ ጊዜ የማሳደሻው ተራ የሚደርሰው ከመቶ ሞደም ለሁለቱ ወይም ለሦስቱ ያህል ነው፤ እነሱም ገና ከሦስት ቀን በላይ ትዕግሥት አላቸው። ሌሊቱን ሙሉ ልቤን የሚያረጋጋኝ ይህ ስሌት ነው። ችግርን የሚሸፍነውም እሱው ነው።

በአንድ ኩባንያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ማሻሻያው በሰዓቱ አለቀ፣ የሙከራ ሞደሞቹ ጠፍተው ተነሡ፣ ሁሉም ገቡ። ደንበኛ አልደወለም። በአራተኛው ቀን አንዲት የሌሊት ፈረቃ ባልደረባችን የሰርቨሩን በር በሚጠብቀው ፋየርዎል ላይ የተጣሉ ጥያቄዎች ቁጥር እየወጣ መሆኑን አየችና አቤት አለች። ነገሩ እንዲህ ነበር። አዲስ የሚነሣ ሞደም ጥያቄው ወደ ሰርቨሩ የሚደርሰው በሲኤምቲኤሱ በኩል ነው። ሊዙን የሚያሳድስ ሞደም ግን ሰርቨሩን ስለሚያውቀው በቀጥታ በራሱ አድራሻ ይጽፍለታል። የአዲሱ ሰርቨር ፋየርዎል የተፈቀደለት ከሲኤምቲኤሶቹ የሚመጣውን እንዲያሳልፍ ብቻ ነበር። ስለዚህ የማሳደሻው ጥያቄ ሁሉ በሩ ላይ እየተጣለ፣ ሞደሞቹ ለሰፈሩ ሁሉ ሲጣሩ ብቻ በሲኤምቲኤሱ በኩል መልስ ያገኙ ነበር። ማንም አልተቋረጠበትም። ነገር ግን የሦስት ቀን ተኩል መጠባበቂያ የነበረው እያንዳንዱ ቤት ሳያውቀው ወደ 21 ሰዓት ወርዶ ነበር። በዚያ ሳምንት ሰርቨሩ ቅዳሜ ወድቆ ሰኞ ቢነሣ ኖሮ የስንቱ ቤት ኢንተርኔት ይጠፋ እንደነበር አስቡት።

ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ አለቀ ብዬ የምፈርመው ሊዙ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ነው። እስከዚያ አሮጌው ሰርቨር አይፈርስም። ኃላፊዎች የሰርቨሩን ወጪ እያሰቡ ያጉረመርማሉ፤ ገንዘቡ የሚገባው ገንዘብ ነው ብዬ ከልቤ እከራከራለሁ።

«ታዲያ ለምን ይነካል? የሚሠራ ነገር ይተዋል» የሚሉም አሉ። የሚሠራው ነገር ያረጃል። በዓለም ላይ ብዙዎች ይጠቀሙበት የነበረውን የአይኤስሲ ዲኤችሲፒ ሰርቨር አዘጋጁ ተቋም በ2022 እ.ኤ.አ. ጥገናውን አቁሞ ተጠቃሚዎችን ኪያ ወደሚባለው አዲስ ሥራው መርቷል። ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍነው የለም ማለት ነው። የቤት ራውተሮችን ከሩቅ የማስተዳደር በር ምን ሊያመጣ እንደሚችል ደግሞ ጀርመን በኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. አይታለች። በዚያ በር በኩል ሊገባ የሞከረ ጥቃት የዶይቸ ቴሌኮምን 900 ሺህ ያህል ደንበኞች ከኢንተርኔት አስወጣ። የዳኑት ኩባንያው አዲስ ሶፍትዌር በሰርቨሩ ላይ አስቀምጦ ራውተራቸውን ነቅለው እንዲሰኩ በመንገር ነው፤ ራውተሩ ሲነሣ መድኃኒቱን ይዞ ተነሣ።

እውነተኛው ፈተና የሚመጣው መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው። በጁን 29 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ሌሊት ዴሬቾ የተባለው የንፋስ ማዕበል በዋሽንግተን ዙሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቤቶችንና ድርጅቶችን መብራት አሳጣ። በሰሜን ቨርጂኒያ ወደ አስቸኳይ ጊዜ ቁጥሩ 911 ደውለው ያልተሳካላቸው ሰዎች ነበሩ፤ የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ሪፖርት ዋናው ምክንያት የስልክ ማዕከሎች መጠባበቂያ ኃይል መክሸፉ እንደሆነ ገልጿል። እንዲህ ያለ ማዕበል አልፎ መብራት ወደ አንድ ሰፈር ሲመለስ ሞደሙ ሁሉ ባንዴ ይነሣል። የሠርግ ታዳሚ ሁሉ በአንድ ቅጽበት በር ላይ እንደመድረስ ነው። ደንቡ ይህን አስቦበታል፤ መልስ ያጣ ሞደም 4 ሴኮንድ፣ ቀጥሎ 8፣ 16፣ 32፣ ከዚያም 64 ሴኮንድ ያህል እየቆየ እንዲጠይቅ፣ በየመካከሉም ትንሽ የዕድል ልዩነት እንዲጨምር ይመክራል። ቢሆንም ሰርቨሩ ያን ጎርፍ መቻሉ በተከላው ጊዜ ካልተለካ በማዕበሉ ማግስት መለካት የለበትም።

አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ ይህን ሳወራ ከማንም በላይ ይገባቸዋል። እዚያ የቤት ኢንተርኔቱ በኬብል ቴሌቪዥን መስመር ሳይሆን በአብዛኛው በፋይበር ነው፤ ሳጥኑ የሚታወቀውም በብዛት በሲሪያል ቁጥሩ ነው። ሥራው ግን ያው ነው፦ መዝገብ፣ የተፈቀደ ፍጥነት፣ መብራት በመጣ ቁጥር እንደገና መጠየቅ። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚሄድበት ሰፈር ሰርቨሩን በየጊዜው ይፈትነዋል።

አሜሪካ ላላችሁና ወላጆቻችሁ ስልክ የሚደውሉት በሞደሙ በኩል ለሆነባችሁ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ሞደሙ መብራት ሲሄድ ይጠፋል፤ ስልኩም አብሮት፣ 911 ጭምር። የፌዴራሉ ኮሚሽን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ኩባንያዎች ለእንዲህ ያለው ስልክ መጠባበቂያ ኃይል እንዲያቀርቡ አስገድዶ ነበር፤ መጀመሪያ ለ8 ሰዓት፣ በኋላም ለ24 ሰዓት የሚሆን፤ ግዴታው ግን በ2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ያኔም ቢሆን ወጪው የደንበኛው ስለነበር ያልጠየቀ አያገኝም ነበር። ደውላችሁ ለሞደሙ የሚሆን ባትሪ እንዳላቸው ጠይቁ፣ የሞደሙን ማክ ቁጥር አንብቡላቸው፣ ባትሪው ከተገጠመ በኋላም ሞደሙን ከግድግዳው ነቅላችሁ ስልኩ ድምፅ እንዳለው ሞክሩት።