ደመወዝተኛው ሲከራከር ገበሬው መድን ገባ

የሐይቅ ከተማ መገኛ የሆነው ተሁለደሬ ወረዳ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር። ከአማራ ክልል አብረውት የገቡት ፎገራና ደቡብ አቸፈር ሲሆኑ፣ ጎረቤቱ አምባሰል ተራውን ጠብቋል።

አሠራሩ ከዕድር ብዙም አይርቅም። በሙከራው ጊዜ ቀበሌው በስብሰባ ይወስን፣ አባወራውም ወዶ ይመዘገብ ነበር። አባሉ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም ካርዱን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። በሙከራው ወቅት ከመዋጮው ሩቡን የፌዴራሉ መንግሥት ሲደጉም፣ የድሆቹን ክልሉና ወረዳው ሸፍነዋል።

ለደመወዝተኛው ግን ሕግ ቀድሞ ወጥቶለት ነበር። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 አባልነትን ግዴታ አደረገ፤ መዋጮውም ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ። ሠራተኛው ደመወዙ እንደማይበቃውና በመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒት እንደሚጠፋ እያነሳ ተቃወመ፤ አፈጻጸሙም በተደጋጋሚ ተላለፈ።

ለገበሬውም ቢሆን የመድኑ ዋጋ የሚመዘነው በካርዱ ሳይሆን በመድኃኒቱ ነው። ከጤና ጣቢያው አጥቶ ከግል መድኃኒት ቤት ከገዛ፣ ለአንድ ሕመም ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ያኔ ለከርሞው መዋጮ እህሉን ለመሸጥ አይጓጓም።