ለማታ ትምህርት የሚሆን መቅጃ ሲገዙ ምን ያያሉ?

ከአሥርና ከአሥራ ሁለት ሰዓት መንዳት በኋላ ታክሲያቸውን አቁመው ወደ ማታ ትምህርት የሚገቡ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ሱቃቸውን ለባለቤታቸው ወይም ለልጃቸው ትተው የሂሳብ አያያዝ፣ የነርስነት ወይም የእንግሊዝኛ ትምህርት የሚከታተሉም እንዲሁ። መምህሩ ፈጥኖ ይናገራል፤ እርስዎ አንዱን ዓረፍተ ነገር በልብዎ ወደ አማርኛ ሲመልሱ እሱ ሦስተኛው ላይ ደርሷል። ደብተርዎ ላይ የሚቀረው ግማሽ ግማሽ ቃል ነው። የከፈሉት የትምህርት ገንዘብ ግን ሙሉ ነው። ትምህርቱን በድምፅ ቀድቶ በኋላ ደጋግሞ መስማት ለዚህ ይጠቅማል። ጥያቄው በምን ይቀዳ የሚለው ነው።

በመጀመሪያ፣ ሙዚቃ የሚያጫውት ሁሉ ድምፅ አይቀዳም። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው የመጀመሪያው ዎክማን ካሴት ያጫውት ነበር እንጂ አይቀዳም። አፕል በ2001 ያወጣው የመጀመሪያው አይፖድም ከዚህ አይለይም። የአይፖድ ምርት በ2022 ቢቆምም ያገለገለው ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል፤ ስለዚህ ዋጋው ረከሰ ብለው አይቸኩሉ። ካርቶናቸው ላይ «ይቀዳል» የሚል የተጻፈባቸው ርካሽ ማጫወቻዎችም አሉ። ብዙዎቹ የአጠገብዎን ሰው ሳል አጥርተው ይቀዱና መምህሩን ከጉድጓድ ውስጥ የሚናገር ያስመስሉታል።

«ስልኬ ይቀዳልኝ የለም ወይ?» ይሉ ይሆናል። ይቀዳል፤ ለአንድ ቅዳሜ ኮርስ ሌላ ዕቃ መግዛት አያስፈልግዎትም። ነገር ግን ስልክዎ የሥራ መሣሪያዎ ነው። በትምህርቱ መካከል ደንበኛ ይደውላል፤ በብዙ ስልኮች ደግሞ ጥሪው ሲነሳ ቀረጻው ይቋረጣል። ቀኑን ሙሉ መንገድ ሲያሳይ የዋለ ስልክ ባትሪውም ማታ አይበረታም። ሴሚስተር ሙሉ ለሚማር ሰው ራሱን የቻለ የድምፅ መቅጃ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሲመርጡ ከሁሉ በፊት ማይክሮፎኑን ይፈትኑ። ዕቃውን ሻጩ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ስምንት ዘጠኝ እርምጃ ርቀው ሻጩ እንዲናገር ያድርጉ፤ ከዚያ ቀረጻውን ይስሙት። ሱቁ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ደረሰኝዎን ይያዙና በመመለሻው ጊዜ ውስጥ ክፍል ወስደው ይሞክሩት። የውጭ ማይክሮፎን የሚሰካበት ቀዳዳ ካለው ጥሩ ነው። በተራ ትንንሽ ባትሪ የሚሠራውን እኔ እመርጣለሁ፤ ባትሪው ቢያልቅ ከነዳጅ ማደያው ገዝተው ይቀጥላሉ።

ሻጮች ብዙ የማያወሩለት ነገር ግን ለእኛ ትልቅ ጥቅም ያለው የማጫወቻ ፍጥነት መቀነሻው ነው። ድምፁን ሳያጎረንን ንግግሩን የሚያዘገይ መቅጃ በሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ሰው እንደ አስጠኚ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ እየደጋገመ የሚያሰማም አለ። የመድኃኒት ስም ወይም የሕግ ቃል ሲያስቸግርዎ አሥር ጊዜ ያሰሙታል፤ አይሰለችም፣ አይቆጣም። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉት ምንም ቢያምር እኔ አልገዛውም።

የሚሞሪው መጠን ብዙ አያስጨንቅዎት። ንግግር በኤም ፒ 3፣ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ሲቀዳ በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በሳምንት ሁለት ማታ ሦስት ሦስት ሰዓት ቢማሩ በ15 ሳምንት 90 ሰዓት ይሆናል፤ ይህ በ4 ጊጋባይት ውስጥ ይገባል። ሳያውቁ ለሙዚቃ በሚሆነው ባልታመቀው ዌቭ ከቀዱ ግን አንዱ ሰዓት ብቻ ከ600 ሜጋባይት በላይ ይወስዳል። የመቅጃውን ቀንና ሰዓት ማስተካከልም አይርሱ፤ አለበለዚያ ፈተና ሲደርስ የትኛው ትምህርት የቱ እንደሆነ አይለዩም።

ክፍል ውስጥ ከፊት ይቀመጡ። መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ እንዲሁ ካስቀመጡት የብዕርዎን ኳኳታ ሁሉ ይቀዳል፤ በታጠፈ ስካርፍ ላይ ያሳርፉት።

ከዚያ በፊት ግን መምህሩን ያስፈቅዱ። የሜሪላንድና የካሊፎርኒያ ሕግ የግል ንግግርን ያለ ተናጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ መቅዳትን ይከለክላል። በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል፤ ቢሆንም ትምህርት ቤቱ የራሱ ደንብ ሊኖረው ይችላል። የመስማት፣ የማየት ወይም ሌላ የአካል ጉዳት ያለብዎ ከሆነ ለኮሌጁ የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ያመልክቱ፤ ከ1973ቱ የተሐድሶ ሕግ አንቀጽ 504 የወጣው ደንብ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ኮሌጆች እንዲህ ላሉ ተማሪዎች መቅጃን እንዳይከለክሉ ያዛል።

የቀዱትን ብዙዎቻችን የምንሰማው መኪና ውስጥ ነው። በሁለቱም ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ መንዳት በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም፣ በካሊፎርኒያም የተከለከለ ስለሆነ በመኪናው ድምፅ ማጉያ ይስሙ። መኪናዎ ዩ ኤስ ቢ መሰኪያ ካለው ፋይሉን ወደ ትንሽ ፍላሽ ገልብጠው መሰካት ነው። የድሮ መኪና ካሴት ማጫወቻ ቢኖረው በካሴት መልክ የተሠራ አገናኝ ይሸጣል። ተሳፋሪ ሲገባ ያጥፉት፤ እሱ ስለ ደም ግፊት ሌክቸር ለመስማት አልከፈለም።

ለዜግነት ፈተና የሚያጠኑ ሰዎች ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር የቆየ ቀረጻ እንዳይሳሳቱ። ማመልከቻቸውን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ያስገቡ የሚያጠኑት 128 ጥያቄዎችን ነው፤ እስከ 20 ይጠየቃሉ፣ ለማለፍ 12 መመለስ አለባቸው። ከዚያ ቀን በፊት ላስገቡት ግን የቀድሞው ይሠራል፦ 100 ጥያቄ ይጠናል፣ እስከ 10 ይጠየቃል፣ 6 ያሳልፋል። ዕድሜያቸው 65 የሞላና ቋሚ ነዋሪ ሆነው 20 ዓመት የቆዩ የሚያጠኑት ከዚህ ያነሰ ነው። የባለሥልጣናት ስም ያለባቸው መልሶችም ከምርጫ በኋላ ስለሚለወጡ ቀረጻው መቼ እንደተቀዳ ይጠይቁ።

በመጨረሻም ደረሰኙን አይጣሉት። የራስዎ ሥራ ካለዎትና ትምህርቱ አሁን የሚሠሩበትን ሙያ የሚያሻሽል ከሆነ፣ ለምሳሌ ባለሱቅ ሆነው ሂሳብ አያያዝ ቢማሩ፣ ወጪው ከግብር ሊቀነስ ይችላል። ታክሲ እየነዱ ለነርስነት ቢማሩ ግን ወደ አዲስ ሙያ መግቢያ ስለሚቆጠር በሥራ ወጪነት አይያዝልዎትም። ታክስ የሚሠራልዎትን ሰው ዕቃውን ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁት።