በሆሳዕና አካባቢ ስለ አጋዥ መሣሪያ አሠልጣኞች ትምህርትና ድጋፍ

አጋዥ መሣሪያ ስንል የአካል ጉዳት ያለበት ሰው ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመንቀሳቀስ ወይም ለመጻፍ የሚረዳበትን ማናቸውንም ዕቃ ማለታችን ነው። ነጭ በትር፣ ተሽከርካሪ ወንበር፣ በጆሮ የሚደረግ ማዳመጫ፣ ብሬል የሚጻፍበት ስሌትና ስታይለስ፣ በኮምፒዩተር ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ሁሉ በዚሁ ውስጥ ይቆጠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ዘገባ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚያስፈልገው ሰው ቍጥር ከ2.5 ቢሊዮን በላይ መሆኑን ገልጸዋል። አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ይሁን እንጂ ስለ ዕቃው የሚነገረውን ያህል፣ ዕቃውን እንዲያስተምር ስለ ተመደበው ሰው አይነገርም።

ሥራው ዕቃ ማደል ብቻ አይደለም። መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ባለባት በሆሳዕና ለአንድ ልጅ ማዳመጫ ቢሰጠው፣ ልጁ ባደገ ቍጥር ጆሮው ስለሚሰፋ በጆሮው ልክ የተቀረጸው ክፍል እንደ ገና መሠራት አለበት፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ይህን የሚያውቅና የሚከታተል ሰው ከሌለ ዕቃው ከሣጥን አይወጣም።

ከሁሉ ይልቅ ልናተኵርበት የወደድነው ግን የዐይነ ስውራን ተማሪዎች አሠልጣኝ ጕዳይ ነው። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች፣ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ ተማሪው በሦስት ቋንቋ ይጽፋል። አማርኛው በፊደል ነው፤ በብሬል ሲሆን የአናባቢው ምልክት ከተነባቢው ቀጥሎ ለብቻው ይጻፋል። እንግሊዝኛው በላቲን ነው። ሀዲይሳና ከምባቲሳም በላቲን ይጻፋሉ፤ የፊደሎቹ ድምፅ ግን ከእንግሊዝኛው ይለያል። ኤክስ የሚባለው ፊደል ጠ ተብሎ፣ ሲ የሚባለው ጨ ተብሎ ይነበባል። ኢ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ሲደጋገም ረዥም ኤ ይሆናል። ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ግን ጠ ያለበትን ክስ፣ ኤ ያለበትን ኢ እያለ ስለሚያነብ፣ ልጁ የእናቱን ቋንቋ እየሰማ አንድ ቃል ላይገባው ይችላል።

ኤንቪዲኤ የተባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት ዐይነ ስውራን አውስትራሊያውያን፣ ማይክል ከረንና ጄምስ ቴ፣ የጀመሩት ነው። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው የድምፅ መሣሪያ አማርኛና ኦሮምኛ አለው፤ ሀዲይሳና ከምባቲሳ ግን የሉትም። እዚህ ላይ አሠልጣኙ አንድ ዘዴ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ኦሮምኛም የኩሽ ቋንቋ ነው፤ ኤክስን ጠ፣ ሲን ጨ፣ ኪውን ቀ ብሎ በመጻፍም ከሁለቱ ጋር ይስማማል። ስለዚህ የሀዲይሳውን ጽሑፍ በኦሮምኛው ድምፅ ማስነበብ፣ ዜማው የሌላ ቢሆንም፣ ከእንግሊዝኛው እጅግ የተሻለ ነው። የቀረውን ስሕተት በፕሮግራሙ ውስጥ ባለው የንባብ መዝገበ ቃላት እየመዘገቡ ማረም ይቻላል።

እንግዲህ ይህን ለማወቅ ፕሮግራሙንም የአካባቢውን አጻጻፍም ማወቅ ያሻል። አዲስ አበባ ወርዶ ለጥቂት ቀን የሠለጠነ ሰው ፕሮግራሙን ተምሮ ይመለስ ይሆናል፤ ሁለተኛውን ግን እዚያ ማንም አይነግረውም። የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል፤ በጥቅምት ለተነሣ ጥያቄ ግን መልስ አይሰጥም። ከዚህም በላይ አሠልጣኙ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፤ እርሱ ወደ ሌላ ሥራ የተዛወረ ዕለት ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ ከተማ ቢያንስ ሁለት ሰዎች በአንድነት ቢሠለጥኑ፣ ከሁለቱም አንዱ ራሱ ዐይነ ስውር ቢሆን እንመርጣለን፤ የቍልፉን ሰሌዳ ሳያዩ መሥራት ምን ማለት እንደ ሆነ ከርሱ የተሻለ የሚያስረዳ የለምና።

ድጋፉም ከቅርብ ሊገኝ ይችላል። በሆሳዕና የመምህራን ኮሌጅና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አሉ። የኢስፒክ የንባብ ደንብ በተራ የጽሑፍ ፋይል የተቀመጠና ለማንም ክፍት የሆነ ስለ ሆነ፣ የቋንቋውን ድምፆች ጠንቅቆ የሚያውቅ መምህርና የተማሪውን ችግር በየቀኑ የሚሰማ አሠልጣኝ አብረው ቢቀመጡ የሀዲይሳን ድምፅ ራሳቸው ሊጀምሩት ይችላሉ። መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው የአንደኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍና የሚሰማ ጆሮ ነው።