የግዕዝ ፊደል በድረ ገጽ፦ ከመታየት ባሻገር



ንግግሬን በአንዲት ተማሪ ጉዳይ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ተቋም የፈተና ቀን ደርሶ ስሟ ከመዝገብ ታጣ። ክፍያዋን ፈጽማለች፤ ደረሰኝም ይዛለች። ሠራተኛው ስሟን ደጋግሞ ቢፈልግም ሥርዓቱ «አልተገኘም» እያለ መለሰ። ምክንያቱ የታወቀው ፈተናው ካበቃ በኋላ ነው። ስሟ የተመዘገበው «ኃይማኖት» ተብሎ ሲሆን፣ ሠራተኛው የፈለገው «ሃይማኖት» ብሎ ነበር። ለእኛ አንዲት ልጅ፣ ለማሽኑ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው።

«ሥርዓታችን በአማርኛ ይሠራል» ሲባል ብዙ ጊዜ ፊደሉ በስክሪን ላይ ይታያል ማለት ብቻ ነው። መታየት ግን የመጀመሪያው ደረጃ እንጂ የመጨረሻው አይደለም።

ይህንን ደረጃ የሰጠን ዩኒኮድ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የየራሱ ኮድ ስለ ነበረው፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደሎቻችን ለእያንዳንዳቸው ቋሚ ቁጥር ሰጠ። ይህ ቁጥር በድረ ገጽ የሚጓዘው በአብዛኛው ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ ነው። በዚህ አጻጻፍ አንድ የላቲን ሆሄ 1 ባይት ሲይዝ፣ የተለመደው የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ርዝመትን በባይት የሚለካ ባለ 30 ባይት የስም መስክ የሚበቃው ለ10 ፊደላት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሰወረ ወጥመድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዩኒኮድ 14.0 ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላትን አካተተ። እነዚህ እያንዳንዳቸው 4 ባይት ይይዛሉ። በማይኤስኪውኤል የመረጃ ቋት ለረጅም ጊዜ «ዩቲኤፍ8» ሲባል የኖረው አማራጭ ግን ከ3 ባይት በላይ አይቀበልም። ሥርዓቱን በአማርኛ ብቻ የፈተነ ባለሙያ ምንም ጉድለት አያይም፤ በጉራጊኛ የሚጽፈው ሰው ግን ጽሑፉ ይመለስበታል ወይም ይቆረጥበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመነሻው «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» የተባለውን መምረጥ።

ወደ ተማሪዋ እንመለስ። ዩኒኮድ ሀን፣ ሐንና ኀን አንድ አያደርጋቸውም፤ ማድረግም የለበትም፤ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። «ሠዐሊ» ሥዕል የሚሥል ነው፤ «ሰአሊ» ደግሞ ለምኚ ማለት ነው። ስለዚህ ዋናውን ጽሑፍ ባለቤቱ እንደ ጻፈው እናስቀምጥ። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ቅጂ እናዘጋጅ፤ በዚህ ቅጂ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው ይጠቃለሉ፤ በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው ሀና ሃ፣ አና ኣም እንዲሁ። ፈላጊው የሚጽፈውም ቃል በዚያው ሕግ ይለፍ።

ይህ ሕግ ግን የአማርኛ ነው። በትግርኛ ሀና ሐ፣ አና ዐ በድምፅም የተለያዩ ስለሆኑ ማጠቃለሉ ስሕተት ይወልዳል። ፊደሉ አንድ ቢሆንም ቋንቋው ብዙ ነውና፣ የትኛው ጽሑፍ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተጻፈ አብሮ መመዝገብ አለበት። በኤችቲኤምኤል ገጽም ቋንቋውን የሚያሳውቀው መገለጫ መሞላት ይኖርበታል፤ ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ሶፍትዌር ተገቢውን ድምፅ የሚመርጠው በእርሱ ተመርቶ ነው።

ተማሪዎቼን የማሳስበው አንድ ነገር ነው። ሥራችሁን ስትፈትኑ «አበበ» እና «ከበደ» በሚሉ ስሞች ብቻ አትፈትኑ። ኃይሌን፣ ፀሐይን፣ ዓለሙን በየአጻጻፉ አስገቡ፤ ከዚያም ፈልጓቸው። ያቺ ልጅ ፈተናዋን የተቀመጠችው ከሌሎቹ ዘግይታ ነው፤ ያዘገያት ግን የእርሷ ጥፋት አልነበረም።