ምስጢር ጠባቂ ስለ ዕዳው የሚጠየቀው ለምንድን ነው?

በአሜሪካ አገር ምስጢር በሚጠበቅበት መሥሪያ ቤት ለመቀጠር ያመለከተ ሰው፣ ከትምህርቱና ከጠባዩ ሌላ ስለ ዕዳውም ይመረመራል። ከማን ተበደረ? በቀጠሮው ከፈለን? ግብሩንስ አጓድሏልን? እየተባለ የብድሩ ታሪክ ይገለበጣል። ይህን የሚሰማ ወጣት «የኪሴን ጉዳይ ከሥራዬ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ሊቈጣ ይችላል። መልሱን ለማግኘት የአልድሪች ኤምስን ታሪክ መመልከት ይበቃል።

ኤምስ ሲ. አይ. ኤ. በተባለው የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት ሹም ነበር። ለአሜሪካ በስውር የሚሠሩትን የሶቪየት ሰዎች ስም ያውቃል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሚስቱን ፈትቶ አዲስ ትዳር ሲመሠርት ዕዳ በረታበት። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ዋሽንግተን ወዳለው የሶቪየት ኤምባሲ ሄደ፤ ለመጀመሪያው ምስጢርም 50,000 ዶላር ተከፈለው። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይባላል፤ ኤምስ ግን መንገዱን የቀየሰው በሰው ሕይወት ላይ ነበር። አሳልፎ ከሰጣቸው ሰዎች መካከል 10 ያህሉ በሞት ተቀጡ።

የሚያስደንቀው፣ በ1986 እና በ1991 ዓ.ም. በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ተጠይቆ ሁለቱንም ጊዜ ማለፉ ነው። መሣሪያው ያልያዘውን ገንዘቡ አሳበቀበት። የዓመት ደመወዙ ከ70,000 ዶላር የማይበልጥ ሰው በ1989 ዓ.ም. 540,000 ዶላር በአንድ ጊዜ ከፍሎ ቤት ገዛ፤ በጃጓር መኪናም ይመላለስ ጀመር። መርማሪዎችም ባንክ ያስገባበትን ቀን ከሶቪየት ሰው ጋር ከተገናኘበት ቀን ጋር ቢያስተያዩት ገጠመላቸው። በየካቲት 1994 ዓ.ም. ተይዞ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። እንግዲህ ዕዳ ወደ ክሕደት አገባው፤ ሀብት አጋለጠው። በ1995 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ክሊንተን ባወጡት ትእዛዝም፣ ምስጢር የሚሰጠው ሠራተኛ የገንዘብ መዝገቡ እንዲታይ አስቀድሞ በጽሑፍ መፍቀድ አለበት።

ቀጣሪው የሚፈራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተጨነቀ ሰው ጉቦ ሲመጣበት እምቢ ማለት ይከብደዋል። ሁለተኛ፣ ዕዳውን የደበቀ ሰው ምስጢሩን ያወቀበት ሁሉ ጌታው ይሆናል።

ነገር ግን ባለዕዳ ሁሉ ከሐዲ አይደለም። የአሜሪካም ደንብ ይህን አልዘነጋም። ሥራው ጠፍቶበት፣ ታሞ ወይም ትዳሩ ፈርሶ ዕዳ የገባ ሰው፣ በቅን ልቡና ለመክፈል መጣጣሩን ካስረዳ ይታሰብለታል። በ1970 ዓ.ም. በወጣው ሕግም ቀጣሪ ከብድር መዝጋቢ ድርጅት የአመልካቹን ታሪክ ለማግኘት የጽሑፍ ፈቃዱን መቀበል አለበት፤ በመዝገቡ ምክንያት ሊከለክለው ቢያስብም አስቀድሞ ግልባጩን ሊሰጠው ይገባል። ይህ ጥበቃ ተገቢ ነው፤ መዝገብ ይሳሳታልና፣ በስሕተት እንጀራውን የሚያጣ ሰው እንዳይኖር ያስፈልጋል። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህን መብት ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

ለወጣት ሠራተኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው። መበደር ነውር አይደለም፤ የሚያዋርደው ከደመወዝ በላይ መኖርና ዕዳን መሸሸግ ነው። ዕዳውን በግልጥ ተናግሮ ጥቂት በጥቂት የሚከፍል ሰው፣ ኪሱ ቢሳሳም እንኳ የሚገዛው የለም።