የቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰባት ታካሚ፦ ከሕክምና ካርድ እስከ ሕግ ጥበቃ

ከጀሞ ወይም ከሳሪስ ተነሥታ ወደ አንዱ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያ የመጣች፣ ፊቷ ያበጠ እናት «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ልትል ትችላለች። ቁስሏ ታጥቦ፣ ማስታገሻ ታዝዞላት ትሸኛለች፤ በካርዷም ላይ «የመውደቅ አደጋ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን በኋላ ፍርድ ቤት ስትቆም ሊከዳት ይችላል።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ባል ካገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ሴቶች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት በትዳር ጓደኛቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ 66 በመቶ የሚሆኑት እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም። ስለሆነም ምስጢሩን በመጀመሪያ የሚያየው ብዙ ጊዜ የጤና ባለሙያው ነው።

ሕጉ የሚሰጠው ጥበቃ

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ ተበዳይ ለፍርድ ቤት አመልክታ የጥበቃ ትእዛዝ ማግኘት ትችላለች። የእኛ የቤተሰብ ሕግም ሆነ የወንጀል ሕግ እንዲህ ያለ ራሱን የቻለ ሥርዓት አልዘረጉም። ያለው ጥበቃ ከልዩ ልዩ ድንጋጌዎች የሚገኝ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 82 መሠረት፣ የፍቺ አቤቱታ የቀረበለት ፍርድ ቤት ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት አፋጣኝ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከተጋቢዎቹ አንዱ ከጋራ መኖሪያው እንዲወጣም ሊያዝዝ ይችላል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት እንደ ማንኛውም የአካል ጉዳት እንዲያስቀጣ ይደነግጋል።

ጉዳዩ በአንቀጽ 555 ከባድ የአካል ጉዳት ወይስ በአንቀጽ 556 ቀላል ጉዳት ይባል የሚለው በአብዛኛው በሕክምና ማስረጃው ላይ ይወሰናል። ቅጣቱም በዚያው መጠን ይለያያል።

ከባለሙያው የሚጠበቀው

1. ታካሚዋን ለብቻዋ ማነጋገር፤ ባል ወይም ዘመድ አብሮ እንዳይገባ ማድረግ።
2. የፖሊስ ደብዳቤ ባትይዝም በመጀመሪያ ማከም፣ ያዩትንም መመዝገብ።
3. የጉዳቱን ቦታ፣ ስፋት በሴንቲ ሜትር፣ ቀለምና ብዛት፣ አሮጌውን ከአዲሱ ለይቶ መጻፍ፤ አድራሹን በራሷ ቃል ማስፈር፤ የጉዳቱ ዓይነት ከተነገረው ምክንያት ጋር መጣጣም አለመጣጣሙን መግለጽ።
4. አንገቷን ታንቃ፣ በመሣሪያ ተዝታባት፣ በእርግዝና ጊዜ ተደብድባ ወይም ለመለየት ወስና እንደሆነ መጠየቅ፤ እነዚህ የሞት አደጋ ምልክቶች ናቸው። «ዛሬ ወደ ቤት ቢመለሱ ያሰጋዎታል?» ማለትም ይገባል።
5. አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸም ድርጊት ቢወስነውም፣ ሕክምናው ግን ልዩነት የለውም፦ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ በአምስት ቀን ውስጥ ይሰጣል።

ባልን ጠርቶ ማስታረቅ የባለሙያው ሥራ አይደለም፤ ሴትዮዋን ለበለጠ አደጋ ሊያጋልጣት ይችላል። ይልቁንም በፈቃዷ ወደ ፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል፣ ለነጻ የሕግ ምክር ወደ ኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ መጠለያ ካስፈለጋት ወደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መምራት ይቻላል። ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የሕክምናና የሕግ አገልግሎት በአንድ ማዕከል ይሰጣል።

ውሳኔው የእርሷ ነው። ዛሬ ለመክሰስ ባትፈልግም፣ በጥንቃቄ የተጻፈው ካርድ የምትፈልግበት ቀን ሲመጣ ይመሰክርላታል።