የመድኃኒቱ ብር ቀድሞ ይቋጠር



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ብር ነው። "ዶክተር ደግሞ መቼ ባንክ ቤት ገባ?" የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ።

ደባርቅና ዳባት አካባቢ ስሰራ በተመላላሽ ክፍል ደጋግሞ የሚገጥመኝ ነገር አለ። ባለፈው ቀጠሮ ግፊታቸው 130 በ80 የነበረ አባት ዛሬ 180 በ110 ሆነው ይመጣሉ። "መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው አባቴ?" ስላቸው "እንዴታ!" ይላሉ። "ትናንት ማታስ?" ዝም። ቀስ እያልን ስናወራ እንክብሉ ካለቀ ሁለት ሳምንት እንዳለፈው ይነግሩኛል። መድኃኒቱ ከገበያ ጠፍቶ አይደለም። ጥቅሙም ጠፍቷቸው አይደለም። እንክብሉ ያለቀው ወሩ በገባ በ18 ነው፤ ብር እጃቸው የሚገባው ደግሞ በ30።

ነገሩ የጥቂት ሰው ችግር አይደለም። በ2007 ዓ.ም በሀገር አቀፍ ደረጃ በተሰራው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ባለው የኢትዮጵያ ህዝብ ውስጥ 16 በመቶ የሚሆነው የደም ግፊቱ ከፍ ያለ ነበር። ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ደግሞ እንደ አንቲባዮቲክ ሰባት ቀን ወስደው የሚገላገሉት አይደለም፤ እንደ ቤት ኪራይ በየወሩ ይመጣል። ስለዚህ እኔ ከጨውና ከእግር ጉዞ ቀጥሎ የምጠይቀው "ብር የሚገባልዎ መቼ ነው?" ብዬ ሆኗል።

መልሱ በእኛ አካባቢ እንደየሰው ይለያያል። አስተማሪውና የዩኒቨርሲቲ ሰራተኛው በወር መጨረሻ ያገኛል። ገበሬው ገብሱንና ባቄላውን ሲሸጥ ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ አስጎብኚ፣ በቅሎ ጫኝ፣ ምግብ አብሳይ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ፣ ተራው ሲደርሰው ነው የሚሰራው። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲደርቅ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ ደህና ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ጭጋጉ ሲወርድ ስራው አብሮ ይቀዘቅዛል። በ2012 ኮሮና፣ ከዚያ ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ በወቅቱም የሚመጣው እንግዳ ጠፍቶ ስንቱ ቤት እንደተቸገረ የደባርቅ ሰው ያውቀዋል። የደም ግፊት ግን ወቅት አይጠብቅም።

ዋጋውም አለ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚገባ ስለሆነ መዘዙን ፋርማሲ መስኮት ላይ አይታችሁታል።

ታድያ ምን ይደረግ?

ውጭ ሀገር ሰዎች ለዚህ የሚጠቀሙባቸው የወጪ መቆጣጠሪያ አፕሊኬሽኖች አሉ። ገንዘቡ እንደገባ "ይሄ ለኪራይ፣ ይሄ ለምግብ፣ ይሄ ለህክምና" ብሎ በፖስታ እንደሚከፋፈል አድርገው ይመድቡታል። ብዙዎቹ ከእኛ ባንኮች ጋር አይገናኙም። ደግሞም አፕ ስለሆነ ብቻ አይዘልቅም፤ በአሜሪካ ብዙ ሚሊዮን ሰው ይጠቀምበት የነበረው ሚንት በ2024 እ.ኤ.አ ተዘግቷል። ሐሳቡ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን መቀነታቸው ላይ የጨውና የበርበሬውን በአንድ ቋጠሮ፣ የእድሩን በሌላ ቋጠሮ ያስሩ ነበር። የእድሩ ቋጠሮ ለቡና አይፈታም። በቃ፣ አፑ የሚሰራው ይሄንኑ ነው።

ለመድኃኒቱም አንድ ቋጠሮ ያስፈልገዋል። ስልካችሁ ላይ ቴሌብር ካላችሁ ሳንዱቅ የሚባል የቁጠባ ክፍል አለው፤ ወለድ ያለውም ወለድ የሌለውም አማራጭ ስላለ በእምነት ምክንያት ወለድ የማትፈልጉም ትጠቀሙበታላችሁ። በባንክ ሁለተኛ የቁጠባ ደብተር ማውጣትም ያው ነው። ዋናው ነገር የመድኃኒቱ ብር ከዘይትና ከዱቄቱ ብር ጋር አንድ ቦታ እንዳያድር ነው። ደሞዝ የገባ ቀን፣ ቤት ሳትደርሱ፣ መጀመሪያ እሱን አውጡ። "የተረፈውን አስቀምጣለሁ" ያለ ሰው የተረፈ ነገር አግኝቶ አላየሁም።

ስንት እንደሚቀመጥ በምሳሌ እንየው። ቁጥሩ ለስሌት ያህል ነው፣ የእናንተን ተክታችሁ አስሉት። የእናታችሁ የግፊትና የስኳር መድኃኒት በወር 700 ብር ይሆናል እንበል። በየሶስት ወሩ ምርመራ 600 ብር፣ ማለትም በወር 200። ለመጓጓዣ በወር 100። ድምሩ በወር 1,000፣ በዓመት 12,000 ብር ነው። ደሞዝተኛ ከሆናችሁ በየወሩ 1,000 ማስቀመጥ ይበቃችኋል። ስራችሁ በዓመት ስድስት ወር ብቻ ብር የሚያስገባ ከሆነ ግን በየስራው ወር 2,000 ነው መቋጠር ያለበት። ብዙ አስጎብኚ ወንድሞቼ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ በጥር የጥርን መድኃኒት ይገዛሉ እንጂ የሐምሌው ትዝ አይላቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጳጉሜንን አትርሷት! 30 እንክብል 12 ጊዜ ብትገዙ 360 ቀን ነው። ደሞዝ የሌላት፣ እንክብል ግን የምትፈልግ አምስት ወይም ስድስት ቀን ትቀራለች።

ወጪያችሁ የት እንደሚገባ ለማወቅ ደግሞ አዲስ አፕ ማውረድ አያስፈልጋችሁም። በቴሌብር በከፈላችሁ ቁጥር ከ127 መልዕክት ይመጣላችኋል፤ ባንካችሁም እንዲሁ ይልካል። እነዚያን መልዕክቶች አታጥፏቸው። ወሩ ሲያልቅ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ወደ ላይ እየገፋችሁ ቁጠሩ፦ ለካርድና ለጥቅል ስንት፣ ለካፌ ስንት፣ ለፋርማሲ ስንት። ይሄን ያደረገ አንድ ወጣት "የኢንተርኔት ጥቅሌ ከአባቴ ኢንሱሊን በለጠ" ብሎኛል። እኔ ምንም አልጨመርኩበትም። በነገራችን ላይ ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። *127# ያለ ኢንተርኔት ይሰራል፣ ለእናቶቻችሁም አሳዩአቸው። የሚስጥር ቁጥራቸውን ግን ለሰፈር ልጅ እንዳይሰጡ።

እዚህ ላይ ጎንደር፣ ባህር ዳር፣ አዲስ አበባ ሆናችሁ ዳባት ወይም ደባርቅ ላሉ ወላጆቻችሁ ብር የምትልኩትን ላናግራችሁ። "ለመድኃኒት" ብላችሁ የላካችሁት ብር ለመድኃኒት ላይውል ይችላል። እናት ክፉ ሆና አይደለም። ጎረቤት ለቅሶ ነበር፣ የታናሽ እህታችሁ ደብተር አለቀ፣ ማዳበሪያ መጣ። እናት ከራሷ እንክብል ላይ ነው የምትቀንሰው። ስለዚህ የመድኃኒቱን ብር ከአስቤዛው ለይታችሁ፣ በሌላ ቀን ላኩት። የሚያውቋቸው ፋርማሲ ክፍያውን በስልክ የሚቀበል ከሆነ በቀጥታ ለፋርማሲው ክፈሉ። ከዚያ ደውላችሁ "እማ፣ ስንት እንክብል ቀረሽ?" በሏት። "ወሰድሽ ወይ?" ብትሏት "አዎ" ነው የምትላችሁ፤ ቁጥሩን ስትጠይቁ ግን እቃዋን ከፍታ ትቆጥራለች።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የአክስቴ ልጅ የጥርስ ሐኪም ስትከፍል እንኳን በክሬዲት ካርድ እንደሆነ፣ ካርዱ ከከፈለችው 2 በመቶ እንደሚመልስላት ነግራኛለች። "እናንተ ጋ ይሄ የለም?" ትለኛለች። የሚመለስላት ብር ከሰማይ አይወርድም፤ በየክፍያው ሻጩ ለባንኩና ለካርዱ ድርጅት የሚከፍለው ኮሚሽን አለ፣ ከዚያ ላይ ነው የሚቆረሰው። ሌላው ዕዳቸውን በወቅቱ ያልከፈሉ ሰዎች ወለድ ነው። አሜሪካ የካርድ ወለድ በአሁኑ ጊዜ በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ነው። 1,000 ዶላር ከፍላ 20 ዶላር ይመለስላታል፤ ያንን 1,000 ሳትከፍል ዓመት ብታቆየው ግን ከ200 ዶላር በላይ ወለድ ይቆልላታል። እሷ ወር በመጣ ቁጥር ሙሉውን ስለምትዘጋ ያዋጣታል። ውጭ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ሙሉውን የማትዘጉ ከሆነ ነጥብ ለመሰብሰብ ብላችሁ ህክምና በካርድ አትክፈሉ። መጀመሪያ ሆስፒታሉን በክፍያ እንዲከፋፍልላችሁ ጠይቁት።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ካርድ የሰፊው ህዝብ ነገር አይደለም። የስልክ ብድር ግን ገብቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 ክረምት ሳንዱቅን ሲጀምር "መላ" የሚባለውን አነስተኛ ብድርና ሂሳባችሁ ሲጎድል የሚሞላላችሁን "እንደኪሴ"ንም አብሮ ጀምሯል። ጠቃሚ ናቸው። ልጅ በሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ኦክስጅን ሲፈልግ፣ ለሪፈር 100 ኪሎ ሜትር ወደ ጎንደር ሲኬድ፣ ተበድሮ መሄድ ተገቢ ነው፤ ብር እስኪገኝ ብሎ ቤት መቆየት ነው የሚገድለው። በየወሩ ለሚመጣ እንክብል በየወሩ መበደር ግን ሌላ ነገር ነው። ለአንድ ወር ብድር 5 በመቶ ይከፈላል እንበል፣ ትንሽ ይመስላል። በየወሩ እየዘጋችሁ መልሳችሁ ብትበደሩ በዓመት 60 በመቶ ነው። በዓመት ውስጥ ከግማሽ ወር በላይ የሚሆን የመድኃኒት ዋጋ ለአበዳሪ ሰጣችሁ ማለት ነው። ብድሩን ስትጠይቁ ስልኩ ላይ የሚመጣውን የአገልግሎት ክፍያ አንብቡት፣ ዝም ብላችሁ 1 አትጫኑ። እቁብም ጥሩ ነው፣ ዕጣው ግን የእንክብሉን ማለቂያ ቀን አያውቅም።

እንግዲህ ለእኛ ሰው "የሚመልስ ካርድ" አለ ከተባለ እኔ የማውቀው የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካርድ ነው። በ2003 ዓ.ም በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተጀመረ ነው፤ በእኛ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ። የሚከፈለው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለመላው ቤተሰብ ነው። ደሞዝተኛ ላልሆነው ነው፦ ለገበሬው፣ ለነጋዴው፣ ለአስጎብኚው፣ ለበቅሎ ጫኙ። በዓመት አራት ጊዜ ለእናታችሁ የምትልኩትን ስትደምሩት መዋጮው ቀሎ ታገኙት ይሆናል። በብዙ ቦታ ምዝገባውና እድሳቱ ከምርት በኋላ ባሉት ወራት ነው፣ ካለፈ እስከ ሚቀጥለው ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላል። ቀበሌ ደውላችሁ ቀኑን ጠይቁና ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ ሙሉ። ካርዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ሪፈር ሳይዙ ቀጥታ ሆስፒታል ከመጡ ከኪስ መክፈል ሊመጣ ይችላል። መድኃኒቱ ከተቋሙ ሲጠፋ ከግል ፋርማሲ መግዛት ስላለ ቋጠሮው ያኔም አይፈታ፣ ትንሽ ይነስ እንጂ።

ብድር ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ይሄንንም እወቁ፦ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የህፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢና የኤችአይቪ ህክምና በመንግስት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ ነው የሚሰጠው።

አሁን ወደ ስራዬ ልመለስ። ብር አጥሯችሁ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩት። "አቅም የለኝም" ማለት ለእኔ እንደ "አለርጂ አለብኝ" ያለ መረጃ ነው፤ የማዘውን ይቀይረዋል። አንድ አይነት መድኃኒት በተለያየ ፋብሪካ ስም ሲሸጥ ዋጋው እጅግ ይራራቃል። "ይሄው ኬሚካል በርካሽ የለም?" ብላችሁ ፋርማሲስቱን መጠየቅ መብታችሁ ነው። ለግፊት ከሚታዘዙት ውስጥ እንደ ሀይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉ አሮጌና ርካሽ፣ ግን በደንብ የሚሰሩ አሉ። አራት ወረቀት ሙሉ ታዞላችሁ ከሆነ ደግሞ የትኛው ቫይታሚን፣ የትኛው የግድ እንደሆነ ጠይቁ። ቫይታሚኑን ገዝቶ የግፊቱን የተወ ሰው አይቻለሁ!

ራሳችሁ የማትወስኑት አንድ ነገር አለ፤ የትኛውን መዝለል እንደሚቻል። አምሎዲፒን ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ ብዙ አይጎዳም፣ ሁለት ሳምንት ግን ሌላ ነው። ኢንሱሊን፣ በተለይ በአንደኛው አይነት ስኳር፣ አይቋረጥም፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ደም አሲዳማ ሆኖ ህሊና ያስታል። የሚጥል በሽታ መድኃኒትም በድንገት ከቆመ ማብቂያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉትንም የልብ ህመም ያለባቸው ሰዎች በድንገት ማቆም የለባቸውም። ግማሹን እየሰበሩ "ማብቃቃት" እና ከጎረቤት እንክብል መበደር ይቅር፤ ሰባት ቀን ሲቀረው መጥታችሁ አማክሩን።

የቤታችሁ ሂሳብ አልገጥም ያላችሁ የመድኃኒቱን ስም፣ ሚሊግራሙንና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ኮሜንት ላይ ፃፉልኝ፣ ርካሽ አማራጭ ካለው እነግራችኋለሁ። የታካሚውን ስምና የካርድ ቁጥር ግን አትፃፉ። የጤና መድህን እድሳት ቀን በየቀበሌያችሁ መቼ እንደሆነ የምታውቁም ለሌላው ጣል አድርጉለት።